ገምጋሚዎቹ ያላዩት ስህተት

በዝግመተ ለውጥ ላይ የሚነሣ ክርክር፣ ሰቆጣም ይነሣ አዲስ አበባ፣ ብዙ ጊዜ መድረሻው አንድ ነው። ተጠራጣሪው ስለ ቅሪተ አካሉና ስለ ዘረመሉ መከራከሩን ይተውና ወደ ሰዎቹ ይዞራል። ጥናቱን የጻፉት እነሱ፣ የገመገሙት እነሱ፣ ያሳተሙትም እነሱ ናቸው፤ ከሳሹም ዳኛውም ምስክሩም የአንድ ቤት ሰው ከሆነ ፍርዱ ምን ፍርድ ነው ይላል። የጉባኤ ቤት ትምህርት ሥር በሰደደበት በዋግ ምድር «ማን አስተማረህ? ማንስ ፈተነህ?» የዋዛ ጥያቄ አይደለምና ንግግሩ ሰሚ ያገኛል። የባዮሎጂ መምህሩ በበኩሉ መልሱን በኪሱ ይዞት ይዞራል፦ ጥናቱ በአቻ ግምገማ ያለፈ ነው፣ አለቀ። ሁለቱ ሲፋጠጡ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ በዋናው ነገር ተስማምተዋል። ሁለቱም ዝግመተ ለውጥ የቆመው በገምጋሚዎች ፊርማ ላይ ነው ብለው ያምናሉ፤ የሚለያዩት ፊርማው ይታመናል ወይስ አይታመንም በሚለው ብቻ ነው። ስህተቱ ያለው ግን ከተስማሙበት ላይ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ ይህን ይመስላል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዳርዊንና የዋላስ ጽሑፎች በ1858 ለንደን፣ ሊኒያን ማኅበር ውስጥ ሲነበቡ ዛሬ በምናውቀው መልክ የገመገማቸው ሰው አልነበረም፤ የዳርዊን መጽሐፍም በማግስቱ ዓመት የወጣው በንግድ አሳታሚ በኩል ነው። ኔቸር የተባለው መጽሔት ጥናቶችን ለውጭ ገምጋሚዎች መላክን ቋሚ ደንብ ያደረገው በ1973 ነው፤ ዋትሰንና ክሪክ በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ እዚያው መጽሔት ላይ ሲያሳውቁ ጽሑፋቸው ለማንም ገምጋሚ አልተላከም። ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች። አውስትራሎፒተከስ አፋሬንሲስ የሚለው የዝርያዋ ስም የታወጀው ደግሞ በ1978፣ የክሊቭላንድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በሚያሳትመው ኪርትላንዲያ በተባለ አነስተኛ መጽሔት ነው፤ ከስም አውጪዎቹ አንዱ ዶናልድ ጆሃንሰንም የዚያው ሙዚየም ባልደረባ ነበር። የቤት ሰው በቤት መጽሔት! ተጠራጣሪው ይህን ቢያውቅ እንዴት ደስ ባለው። ነገር ግን ዝርያው እስከ ዛሬ የቆመው በኪርትላንዲያ ክብር አይደለም። የአጥንቶቹ ቅጂ በየቤተ ሙከራው ተበተነ፣ ተጨማሪ ቅሪት እየተገኘ ሄደ፣ ስያሜውን የተቃወሙትም ለክተው ተቃወሙ።

ከሁሉ የጠራው ማስረጃ ግን ከራሳችን ደጋ የወጣ ነው። በጋሞ ተራሮች በሚገኘው የሞታ ዋሻ (የጎጃሙ ሞጣ አይደለም) በ2012 በተደረገ ቁፋሮ 4,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የአንድ ሰው አጽም ተገኘ። አጥኚዎቹ ባይራ አሉት። የዋሻው ቅዝቃዜ ዲኤንኤውን ጠብቆት ኖሮ፣ ከጆሮ አካባቢ ካለው ጠንካራ አጥንት ሙሉ ጂኖሙ ተነበበ። ከአፍሪካ ምድር የአንድ ጥንታዊ ሰው ሙሉ ጂኖም ሲነበብ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጥናቱ በኦክቶበር 2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ፤ በክብር ከዚያ በላይ መጽሔት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ጽሑፉ ሁለት ትልልቅ ነገሮችን አለ። አንደኛው፣ የዛሬ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ከምዕራብ እስያ አካባቢ ወደ አፍሪካ ከተመለሱ ሕዝቦች ያገኙት የዘር ድርሻ ባይራ ዘንድ የለም፤ ስለዚህ ያ ፍልሰት የመጣው ከእሱ ዘመን በኋላ ነው። ይህ የሰሜኑን ደጋ ሕዝብ፣ አገውንም አማራውንም ትግራዋዩንም በቀጥታ የሚመለከት ነገር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያ ፍልሰት አህጉሩን በሙሉ አዳርሷል፣ የናይጄሪያ ዮሩባዎችና የኮንጎ ጫካ ምቡቲዎች ሳይቀሩ 7 እና 6 በመቶ ያህል ድርሻ አላቸው የሚል ነበር። ዜናው በዓለም ዙሪያ የናኘው በዚህ በሁለተኛው ነው። የጽሑፉ ርዕስም እሱኑ ይዞ ነበር።

ሁለተኛው ስህተት ነበር። ስህተቱ ከእምነትም ከርዕዮተ ዓለምም የመጣ አይደለም፤ ከኮምፒውተር ሥራ የመጣ ነው። የባይራን ጂኖም ያዘጋጀው ፕሮግራም የሚያወጣው ፋይልና ቀጣዩ ፕሮግራም የሚቀበለው ፋይል አይጣጣሙም ነበር፤ በመካከል የሚያጣጥማቸው አጭር ትእዛዝ መካሄድ ነበረበት፣ ተዘለለ። በዚህ ምክንያት ባይራ ከመመሳከሪያው ጂኖም ጋር አንድ ዓይነት የሆነባቸው እጅግ ብዙ ቦታዎች «መረጃ የለም» ተብለው ወደቁ። ልብ ይባል፤ መመሳሰሉ ተጣለ፣ ልዩነቱ ቀረ። እንዲህ የተሸራረፈ ጂኖም ከዛሬ አፍሪካውያን ጋር ሲነጻጸር ስሌቱ መዛባቱ አይቀርም፤ ባይራ ሳይገባው ከሌሎቹ ራቀ፣ የሌሎቹ ርቀትም ከውጭ በመጣ ዘር ተተረጎመ። ገምጋሚዎቹ ይህን አላዩም። እንዲያዩም አይጠበቅም ነበር። ለገምጋሚ የሚደርሰው ጽሑፉና ሠንጠረዡ ነው፤ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ፊደላትን ከመጀመሪያው አስልቶ እንዲመልስ የሚጠይቀው የለም፤ ሥራውንም የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ፣ ከማስተማርና ከገዛ ምርምሩ በተረፈው ሰዓት ነው። የአቻ ግምገማ በአዳራሽ በር ላይ ቦርሳ እንደሚፈትሽ ዘበኛ ነው፤ ውስጥ የሚነገረው እውነት መሆኑን እንዲያጣራ አልተቀጠረም።

ታዲያ ስህተቱን ማን አወጣው? ፖንተስ ስኮግሉንድና ዴቪድ ራይክ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች። በጥንታዊ ዲኤንኤ ጥናት ከባይራ አጥኚዎች ጋር የሚፎካከሩ ናቸው፤ ዝግመተ ለውጥን በመቀበል ግን በመካከላቸው ልዩነት የለም። ስሌቱን ደግመው ሞከሩት፣ አልመጣላቸውም፤ ለጸሐፊዎቹ ነገሯቸው። ጸሐፊዎቹም መልሰው ሠሩት፣ የተዘለለውን አገኙ፣ በጃንዋሪ 2016 አራት ወር ሳይሞላ በይፋ አረሙት። «አህጉሩን በሙሉ» ይል የነበረው ርዕስ «ምሥራቅ አፍሪካን» ወደሚል ወረደ። እንግዲህ የተጠራጣሪውን ሐሳብ በዚህ ላይ እንሞክረው። የአንድ ቤት ሰዎች እርስ በርስ ይሸፋፈናሉ ከተባለ ይህ ስህተት ተሸፋፍኖ መቅረት ነበረበት፤ ታትሟል፣ ተደንቋል፣ ማንንም አላስቀየመም። ያጋለጠው ግን ያው ቤት ነው። ጂኖሙ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጦ ሳለ ከዝግመተ ለውጥ ተቃዋሚዎች መካከል አውርዶ የፈተሸው አልተሰማም። የመምህሩ ሐሳብም በዚሁ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ አይተርፍም። የቆመው ግኝትና የወደቀው ግኝት በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ነበሩ፣ በአንድ ቀን ወጡ፣ ያሳለፏቸውም እነዚያው ገምጋሚዎች ናቸው። ማኅተሙ በእውነቱም በሐሰቱም ላይ እኩል ካረፈ፣ ማኅተሙን አይቶ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የለያቸው ዳግም ስሌት ነው፣ ዳግም ስሌቱን ያስቻለው ደግሞ የመረጃው ክፍት መሆን።

ተጠራጣሪው እውነተኛ ቅሬታ ቢፈልግ አፋር ላይ ያገኘው ነበር፤ ግን ገምጋሚ ሲያሳድድ አለፈው። አርዲ የተባለችው 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሚገመታት ቅሪተ አካል የመጀመሪያ ስባሪዎቿ አራሚስ ላይ የተገኙት በ1994 ነው። በዚያው ዓመት ቲም ዋይት፣ ገን ሱዋና ብርሃኔ አስፋው ዝርያውን አውስትራሎፒተከስ ራሚደስ ብለው ኔቸር ላይ አወጡ፤ በዓመቱ በአጭር ማረሚያ ከዚያ ወገን አውጥተው አርዲፒተከስ የሚል አዲስ ወገን ሰጡት። ገምጋሚ ያሳለፈው ስያሜ አንድ ዓመት አልቆየም ማለት ነው። ይህ ምንም አይደለም። ከባዱ ነገር፣ ሙሉው ጥናት 11 ጽሑፎች ሆኖ ሳይንስ ላይ እስኪወጣ 2009 መድረሱ ነው። በነዚያ 15 ዓመታት ከቡድኑ ውጭ ያለ ባለሙያ አጽሙን መርምሮ «አይደለም» ወይም «ነው» ማለት አልቻለም። ቡድኑ አጥንቱ የተፈረካከሰና ሲነኩት የሚበተን ስለነበር ጊዜ ወስዷል ይላል፤ እውነት ነው፣ ጽዳቱ አድካሚ ነበር። ይሁንና ክርክሩ በሩ ላይ ተቀምጦ 15 ዓመት ሲጠብቅ የትኛውም ገምጋሚ አላስገባውም። አጥንቱ ሲገለጥ ወዲያው ተቃውሞው መጣ፤ አርዲ በእርግጥ ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር ወይ፣ በሰው መስመር ላይስ ናት ወይ የሚለው አሁንም ያከራክራል። ጤናማው ሁኔታ ይኸኛው ነው።

«ፒልትዳውንስ?» የሚል አይጠፋም። በ1912 የቀረበው የእንግሊዙ የፒልትዳውን ራስ ቅል ማጭበርበር መሆኑ የታወቀው በ1953 ነው፤ ያወቁትም የዝግመተ ለውጥ ሰዎች ናቸው። ይህን ያህል የቆየበት አንዱ ምክንያት ዋናው አጥንት ተቆልፎ ለብዙ አጥኚዎች ቅጂው ብቻ መሰጠቱ ነው፤ ይህም የእኔኑ ነገር ያጠናክራል። «ተቃዋሚ ጽሑፍ ሲመጣ ግን በር ይዘጉበታል» ይባላል። በ2004 የስቲቨን ሜየር ጽሑፍ፣ ሕይወት በብልህ ነዳፊ የተሠራች ናት የሚለውን ሐሳብ ይዞ፣ በዋሽንግተን ባዮሎጂ ማኅበር መጽሔት ወጥቷል። አርታኢው ሪቻርድ ስተርንበርግ በሦስት ገምጋሚዎች ታይቷል አለ፤ ማኅበሩ ከተለመደው አሠራር ውጭ የወጣ ነው አለ። ሙሉ በሙሉ አርታኢው ልክ ነው እንበል። በሩ ተከፈተ፤ ከዚያስ? በጽሑፉ ተመርቶ የት እንደሚቆፈር ያወቀ፣ የትኛው ዘረመል የት እንደሚገኝ አስቀድሞ የተናገረ ሰው የለም። በሩ ችግሩ አልነበረም።

ወደ ዋግ ቆላ እንውረድ። በአበርገሌና በዝቋላ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ አቀንጭራን ያውቃታል፤ ዘሯ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝታ ቆይታ የማሽላ ሥር ሲጠጋት ትነቃለች፣ ሥሩ ላይ ተጣብቃም ትመጠዋለች። የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸላሚ ገቢሳ ኢጄታና ባልደረቦቹ አቀንጭራን የሚቀሰቅሳት ከማሽላው ሥር የሚወጣው ንጥረ ነገር መሆኑን ተከትለው፣ እሱን የሚቀንሱ ዝርያዎችን መርጠው አዳቀሉ፤ ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን የሚባሉት ለአገራችን ገበሬ የተለቀቁት ከዚያ ነው። ቆይቶ በ2017 ከመቋቋሙ ጀርባ ያለው ዘረመል ተለይቶ ታወቀ። የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልን የመሰለ ተቋም ዝርያን የሚፈትነው በማሳ ላይ ነው፤ እዚያ አቀንጭራዋ ራሷ ገምጋሚ ናት፣ ከማንም ጋር አልተማከረችም። በልዩነት፣ በውርስና በመመረጥ የሚሠራው ዘዴ፣ መራጩ ሰው ሆነ ተፈጥሮ፣ በየክረምቱ እዚህ ይፈተናል። «ይህማ ማሽላው ማሽላ ሆኖ የሚለወጠው ትንሽ ለውጥ ነው» ይባል ይሆናል። ይባል። ግን ይህን ያለ ሰው ገምጋሚዎቹን ትቶ ስለ ለውጡ መጠንና ስለ ጊዜው መከራከር ጀምሯል፤ መጀመሪያውኑ መቆም የነበረበት እዚያ ነው። ጊዜውንም ቢፈልግ ሩቅ አይሄድም። የዋግን ተራሮች የሸፈነው ባዛልት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ መሆኑን ያሳየው የአርጎን መለኪያ፣ ድንቅነሽን 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላት ያው መለኪያ ነው። በዚህ መለኪያ የሚሠሩት ብዙዎቹ የእሳተ ገሞራ አጥኚዎች ስለ ሰው አመጣጥ ግድ የላቸውም።

ከዚህ ተነሥቼ ደፍሬ የምለው አለ። ከመታተም በፊት የሚደረገው ግምገማ ነገ በመላው ዓለም ቢቀር ዝግመተ ለውጥ ቅንጣት ታህል አያጣም፤ መጽሔቶች ይጎዳሉ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችንም መምህራንን በታተመ ጽሑፍ ቁጥር ማሳደጉ ይቸግራቸዋል እንጂ። የአቻ ግምገማ በክርክሩ ውስጥ ከሁለቱም ወገን እጅ መውጣት አለበት። የሰቆጣው ተጠራጣሪ የሚያመው ነገር ቢኖር ሌላ ነው። ባይራ ከጋሞ ወጣ፣ ዲኤንኤው ባሕር ማዶ ተነበበ፣ ስህተቱም ባሕር ማዶ ታየ፤ እኛ በሁለቱም ጊዜ ዜናውን ሰማን። ይህ ግን በማንም ፈቃድ የታሰረ ነገር አይደለም። የባይራ ጂኖም ዛሬም በነፃ ይወርዳል፣ ፕሮግራሞቹም በነፃ ይገኛሉ። ወሎ ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለ አንድ የማስተርስ ተማሪ፣ የተዘለለችውን ትእዛዝ አንድ ጊዜ አካሂዶ አንድ ጊዜ ደግሞ ትቶ፣ የዮሩባዎቹ 7 በመቶ ሲመጣና ሲጠፋ ማየት ይችላል።