የእሥራኤል ምርጫና የርክክብ መዝገብ



ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን አሳብ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ ታወጡልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ የተነሣው በመሥሪያ ቤታችን በሻይ ሰዓት ነው። ራዲዮኑ ስለ እሥራኤል ያወራ ስለነበር ከባልደረቦቼ አንዱ ስኒውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ «ይኸ ሁሉ ለምርጫ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ምርጫ ሲደርስባቸው ወይ ይተኩሳሉ ወይ ይፈራረማሉ» አለ። አብዛኞቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። በክፍላችን ግን አንድ አዛውንት የመዝገብ ቤት ሹም አሉ፤ የእኅታቸው ልጅ በልጅነቱ ከአባቱ ወገን ጋር ከጐንደር ወደዚያ አገር ሄዶ ዛሬ በተጠባባቂ ጦር ውስጥ ያገለግላል። እሳቸው ቀስ ብለው፣ «ልጄ፣ እንዲያ ከሆነ የእኅቴ ልጅ ጠመንጃ የተሸከመው ለማን ነው?» ብለው ጠየቁት። ማንም አልመለሰላቸውም። እኔም ያን ቀን ዝም ካሉት አንዱ ነበርሁና ይህን የምጽፈው ስለዚሁ ነው።

መልሴን የወሰድሁት ከመሥሪያ ቤት ልማድ ነው። አንድ ሹም ሲነሣ አዲሱ ሹም መዝገቡን ይረከባል። ከዚያም አንዳንዱን ወረቀት «ይህ የቀድሞው ሰውዬ የግል ጉዳይ ነበር» ብሎ ወደ ጐን ያደርገዋል፤ አንዳንዱን ግን ምንም ቢጠላው እንዳለ ያስቀጥለዋል። የመንግሥት ሥራና የሹሙ ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የእሥራኤልንም ነገር በዚሁ መንገድ ብንመረምረው «ለምርጫ ነው» የሚለው ቃል የት ድረስ እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚያጥር ይታያል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አስቀድሞ ስለ ምርጫው ሥርዓት ጥቂት ልበል። ክኔሴት የሚባለው ምክር ቤታቸው 120 መቀመጫ አለው፤ ሕዝቡም ድምፁን የሚሰጠው ለፓርቲ ዝርዝር ነው። ከእኩሌታው የሚያልፈው ቁጥር 61 ሲሆን በምርጫ ብቻውን ይህን ያገኘ ፓርቲ አልታየም። ስለዚህ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከትንንሽ ፓርቲዎች ጋር ተስማምቶ መኖር ግድ ይሆንበታል። ከ2014 ወዲህ ደግሞ ከመቶ 3.25 ድምፅ ያላገኘ ፓርቲ ወደ ምክር ቤቱ አይገባም። እንዲህ ባለው ሚዛን ላይ ጥቂት ሺህ ሰዎች አሳባቸውን ቢለውጡ መንግሥት ሊገለበጥ ስለሚችል፣ መሪዎቹ በምርጫ ሰሞን መደናገጣቸው አያስገርምም።

በጁን 7 ቀን 1981 የእሥራኤል የጦር አይሮፕላኖች በባግዳድ አጠገብ የነበረውን የኢራቅ የአቶሚክ ማብላያ ደበደቡ። ምርጫው የተቀጠረው ለጁን 30 ነበር። የተቃዋሚው ወገን መሪ ሚስተር ሺሞን ፔሬዝ ጊዜው ለድምፅ ሲባል የተመረጠ ነው ብለው ወቀሱ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚስተር መናኸም ቤጊን ግን ማብላያው ሥራ ከጀመረ በኋላ ቢመታ መርዙ በባግዳድ ሕዝብ ላይ በወረደ ነበር ሲሉ መለሱ። የጸጥታው ምክር ቤት አሜሪካ ሳትቀር በአንድ ድምፅ ድርጊቱን ኰነነ። ቤጊን 48 ለ47 በሆነ መቀመጫ በለጡ። እዚህ ላይ ቢቆም ባልደረባዬ በረታ ማለት ነው። ነገር ግን ኤሁድ ኦልመርት፣ የሌላ ፓርቲ ሰው ሆነው፣ ምርጫ ባልቀረበበት በሴፕቴምበር 2007 በሶርያ የነበረውን ማብላያ በዚያው መንገድ አስደበደቡ፤ እሥራኤልም ነገሩን በይፋ ያመነችው በ2018 ነው። ድምፅ የሚፈልግ ሰው ሥራውን አሥር ዓመት ደብቆ አያኖርም። ይህ ወረቀት ተረካቢው ያስቀጠለው ነው።

የ1996ቱ ታሪክ ከዚህ ይከፋል። ይስሐቅ ራቢን በኖቬምበር 1995 ከተገደሉ በኋላ መንግሥቱን የያዙት እነዚያው ፔሬዝ ነበሩ። በፌብሩዋሪና በማርች አጥፍቶ ጠፊዎች በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ብዙ ሰው ጨረሱ፤ ሕዝቡም ሰላም ይሉት ነገር ይኸ ነወይ እያለ ማጉረምረም ጀመረ። ሜይ 29 የምርጫ ቀን ነበር። በኤፕሪል 11 የሒዝቦላን የሮኬት ተኩስ ለመመለስ ተብሎ በሊባኖስ ላይ ዘመቻ ተከፈተ። በሳምንቱ፣ በኤፕሪል 18፣ የእሥራኤል መድፍ ቃና በምትባል መንደር በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ሰፈር ላይ ወረደና ከተኩስ ሸሽተው ከተጠለሉት ሰላማውያን ሰዎች ውስጥ ከመቶ በላይ የሚሆኑት አለቁ።

ፔሬዝ ጠንካራ ሰው መስለው ለመታየት ፈልገው እንደሆነ አላተረፉበትም። የእሥራኤል ዜጎች ከሆኑት ዓረቦች ብዙዎቹ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት በሣጥኑ ከተው ወጡ፤ ፔሬዝም በቢንያም ኔታንያሁ የተበለጡት ከመቶ አንድ በማይሞላ ድምፅ ነው። እንግዲህ ጥይት ድምፅ ይገዛል የሚለው ሰው ይህን ሒሳብ ያስረዳኝ።

ከዚያው ዘመቻ ግን አንድ ወረቀት ተረፈ። በአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በዋረን ክሪስቶፈር ምልልስ፣ ሁለቱም ወገን ሰላማዊ ሰው እንዳይመታ የሚል ስምምነት ተጽፎ አሜሪካ፣ ፈረንሣይ፣ ሶርያ፣ ሊባኖስና እሥራኤል ያሉበት ተቆጣጣሪ ጉባኤ ተቋቋመ። ኔታንያሁ ይህን ከጠላታቸው እጅ ተረክበው በዘመናቸው አስቀጠሉት።

የተስፋ ቃል ደግሞ ሌላ ነው። በሴፕቴምበር 10 ቀን 2019፣ ምርጫው ሰባት ቀን ሲቀረው፣ ኔታንያሁ ካርታ አቁመው ብመረጥ የዮርዳኖስን ሸለቆ ወደ አገራችን ሕግ እጠቀልላለሁ አሉ። ዓለም ተንጫጫ። በኦገስት 2020 ከዓረብ ኤሚሬቶች ጋር ወዳጅነት ሲመሠርቱ ግን ያንን የመጠቅለል ዕቅድ ራሳቸው አቆዩት። ከመዝገቡ ያወጣው ሌላ ተረካቢ እንኳ አይደለም፤ ጸሐፊው ራሱ ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ያይር ላፒድ በበኩላቸው ኖቬምበር 1 ቀን 2022 ለሚደረገው ምርጫ አምስት ቀን ሲቀር ከሊባኖስ ጋር የባሕር ወሰን ስምምነት ፈረሙ። ሁለቱ አገሮች ያን ጊዜ የማይተዋወቁ ያህል ስለነበሩ ነገሩ ያለቀው በአሜሪካ አስታራቂነት ነበር። ካሪሽ የሚባለው የጋዝ ስፍራ ለእሥራኤል ሲቀር፣ ለሊባኖስ የደረሰው ስፍራ ስሙ (ስም እንዴት ይመላለሳል!) ቃና ነው። ኔታንያሁ ስምምነቱን እጅ መስጠት ነው ብለው ሲነቅፉ ሰነበቱ። ምርጫውን አሸንፈው ከተመለሱ በኋላ ግን አልሰረዙትም። ላፒድ ፈርመው ወደቁ፤ ፊርማቸው አልወደቀም።

ባልደረባዬ ይህን ሳነብለት፣ «ታዲያ ያንተ ሚዛን የሚሠራው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ላስተባብል አልችልም። የቃና ሙታን ተረካቢው ምን እንዳደረገ አላዩም። ደግሞም ርክክብ የሚያሳየው መዝገብ ውስጥ የገባውን ነው፤ ሆን ተብሎ ሳይጻፍ የቀረውን አያሳይም። በ1973 ከኦክቶበሩ ጦርነት በኋላ ጎልዳ ሜየር በዲሴምበር 31 በተደረገው ምርጫ አሸንፈው ነበር፤ የአግራናት አጣሪ ጉባኤ የመጀመሪያ ቃሉን የሰጠው ግን በኤፕሪል 1974 ሆነና በዚያው ወር ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሕዝቡ ድምፁን የሰጠው ምርመራውን ሳያይ ነበር ማለት ነው።

የ2022ቱ ምክር ቤት ዘመኑ በሕግ እስከ ኦክቶበር 2026 የተወሰነ ነበር። በዚህ ዘመን ውስጥ የኦክቶበር 7 ቀን 2023 ጥቃት ደርሶ ወደ 1,200 ሰዎች ሞቱ፣ 251ም ተወሰዱ፤ በጋዛም ጦርነት በዚያ የጤና ባለሥልጣኖች ቁጥር ከ60,000 በላይ ሰው አለቀ። በጁን 2025 ኢራን በተመታች ጊዜ ላፒድን የመሳሰሉ ተቃዋሚዎች ጭምር ደገፉ፤ ስለዚህ ያንን ምርጫ ብቻ ወለደው ለማለት ያስቸግራል። የኦክቶበር 7ን ጥፋት የሚመረምር የመንግሥት አጣሪ ጉባኤ እንዳይቋቋም የኔታንያሁ መንግሥት ወር በወር ሲገፋ መክረሙ ግን፣ በኔ ግምት፣ ከምርጫው ፍርሃት ጋር የተያያዘ ነው። የምርጫን እጅ የሚፈልግ ሰው ከተኰሱት ይልቅ ያልጠየቁትን ቢመለከት ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ ለመዝገብ ቤቱ ሹም ነገርኋቸው። «ጋሼ፣ የእኅትዎ ልጅ አንዳንዴ ለአገሩ፣ አንዳንዴ ለሹሙ ይዘምታል፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ግን ዘግይቶ ነው» አልኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩና ደብዳቤው ከወጣ ጋዜጣውን ቆርጠው እንደሚልኩለት ነገሩኝ። ልጁ አማርኛ ማንበብ ረስቶ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደሉም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ