የቤታ ዋጋ በብልቃጡ አያልቅም

በባንኮክ የቻቱቻክ ገበያ በየብልቃጡ የሚሸጠው ቤታ ርካሽ ዓሣ ነው። (እ.ኤ.አ. በ2016 የታይላንድን ሰንደቅ ዓላማ ቀለም የያዘ አንድ ቤታ በጨረታ 53,500 ባት ማውጣቱ ለብቻው የሚታይ ነው።) ሻጮች «አየር ከላይ ስለሚስብ ብልቃጥ ይበቃዋል» ይላሉ። አየር መሳቡ እውነት ነው፤ ከራሱ ቆሻሻ የሚመነጨው አሞኒያ ግን ይገድለዋል። ስለዚህ 20 ሊትር ያህል ውሃ፣ ዝግ ያለ ማጣሪያና ክዳን ይሻል፤ በየሳምንቱም ሩብ ያህሉ ክሎሪን በወጣለት ውሃ ይተካል። ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባንኮክ በነፃ ይገኛል፤ ደጋ ላይ ማሞቂያና መብራት ያስከፍላል። ይህን ሂሳብ ደብቆ የዓሣውን ዋጋ ብቻ መጥራት፣ በእኛ አስተያየት፣ ወጪን ለገዢው ማሸከም ነው። ሁለት ወንዶችን ባንድ ገንዳ የሚጨምርማ ካፒታሉን በገዛ እጁ ያከስራል።