ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ

ድሬዳዋ ውስጥ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ወይም አንጀቱ ታጥፎ ድል ጮራ ሆስፒታል የገባ ሰው ቤተሰብ፣ ሐኪሙ «ኦፕራሲዮኑ አልቋል» ሲል እፎይ ይላል። ደስታው የሚገባ ነው፤ ለአንጀት ቀዶ ጥገና ግን ከባዱ ጊዜ ገና ከፊት ነው። አንጀት በተፈጥሮው በጀርም የተሞላ ስለሆነ ቁስሉ በቀላሉ ይመረቅዛል። ተቆርጦ የተሰፋው ቦታ ደም በደንብ ካልደረሰው ደግሞ ይለቃል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ይታያል። ሆድ ሲነፋ፣ ሕመሙ መቀነስ ሲገባው ሲጨምር፣ ትኩሳት ሲመጣ ምልክት ነው፤ ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ የልብ ምት ሊፈጥን ይችላል። ነርሷ ሰዓቷን እያየች የታማሚውን ምት የምትቆጥረው፣ ሐኪሙም ጠዋት ጠዋት «አየር ወጣ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ለእኔ ይህ ክትትል ከቀዶ ጥገናው እኩል ሕይወት አዳኝ ነው፤ በጀትም ሰውም በዚያው ልክ ሊመደብለት ይገባል።

«የእኛ ሰው ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው የሚጎዳው» የሚል መከራከሪያ አለ። መዘግየቱ እውነት ነው፤ ሁሉንም ግን አያስረዳም። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የ66 አገሮች ጥናት የሆድ ዕቃ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 12,539 ሰዎች ተከታትሎ፣ በ30 ቀን ውስጥ ቁስላቸው የመረቀዘባቸው በበለጸጉት አገሮች 9.4 በመቶ፣ በድሆቹ 23.2 በመቶ ሆነው አገኛቸው። የታማሚዎቹ ሁኔታ ከግምት ገብቶም ልዩነቱ አልጠፋም። ገንዘብ የለንም ለሚሉትም መልስ አለ፦ ናይጄሪያና ሩዋንዳን ጨምሮ በሰባት አገሮች የተደረገ ሙከራ፣ ሆድ ከመዘጋቱ በፊት ጓንትና መሣሪያ መቀየር ብቻውን ምርቀዛን ከ18.9 ወደ 16 በመቶ አወረደ። ጓንት ብርቅ ማሽን አይደለም።

ነርሶች ጥቂት፣ አልጋው ሙሉ መሆኑ ግን የሚካድ ችግር አይደለም፤ ምክር ብቻ አይፈታውም፣ ቅጥር ይፈልጋል። እስከዚያው አልጋው አጠገብ የሚያድር አስታማሚ አለ። የአደጋ ምልክቶቹን በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ፣ ማንበብ ለማይችለውም በቃል ማስረዳት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ታማሚው 30 ቀኑ ሳይሞላ ወደ ዋሂል ወይም ወደ ቢዮ አዋሌ ሲመለስ ሆዱ ቢነፋ የት እንደሚደውል የሚያውቅበት ስልክ ቁጥር ከመድኃኒት ማዘዣው ጋር ይሰጠው፤ ሆስፒታሉም እሱ እስኪደውል ሳይጠብቅ ይደውልለት።