የራያ ቆቦ ጉድጓድ ዳታ፦ ሰዓቱ ከጠፋ ቁጥሩም ዋጋ የለውም

በቆቦ ጊራና ሸለቆ በጥልቅ ጉድጓድና በኤሌክትሪክ ፓምፕ መስኖ ማልማት ከተጀመረ 20 ዓመት አልፎታል። ዝናቡ አያስተማምንም፤ ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ "የከርሰ ምድር ውሃው እየቀነሰ ነው ወይ?" የሚለው ነው።

ፓምፕ ሲሠራ የጉድጓዱ ውሃ ዝቅ ይላል፣ ሲቆም ተመልሶ ከፍ ይላል። "ውሃው 40 ሜትር ላይ ነው" ቢባል ታዲያ መቼ የተለካ ነው?

ዳታው ከመዝገብ ወደ ሰርቨር፣ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲዛወር የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው።

1. የሰዓት አቆጣጠር፦ እኛ ጠዋት 3:00 የምንለውን ሰርቨሩ 9:00 ይለዋል። "3:00" እንዳለ ከገባ ሌሊት 9 ሰዓት የተለካ ይሆናል። ፓምፑ እየሠራ የተወሰደው ልኬት እንደቆመ ይቆጠራል፤ ደህናው ጉድጓድ "ደረቀ" ይባላል።

2. ኔትወርክ፦ በሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ለወራት ያለ መብራትና ስልክ ቆይታለች። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። መለኪያ መሣሪያ መስመር ሲመለስ ያጠራቀመውን በአንዴ ይልካል። ሰርቨሩ የደረሰበትን ሰዓት ብቻ ከያዘ፣ የወራቱ ልኬት የአንድ ቀን ይመስላል።

መፍትሄው ከባድ አይደለም። የተለካበት ሰዓት ከቁጥሩ ሳይለይ ይጓዝ፣ የደረሰበት ለብቻው ይያዝ። ሁሉም በዩቲሲ ይቀመጥ፤ ወደ እኛ ሰዓት የሚቀየረው ለሰው ሲታይ ብቻ ይሁን።

ጉድጓድ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል ብሎ ለመወሰን የሚቀርበው ይሄ ዳታ ነው። ገበሬው በ6 ሰዓት ስህተት ውሃውን ማጣት የለበትም ባይ ነን። እናንተስ?