ከውጤት በፊት ፓስፖርት

በውጭ አገር ስለሚሰጠው የክረምት የምርምር ኢንተርንሺፕ ሰሞኑን የወጣው ጽሑፍ «ዕድሉን የሚያገኘው ጎበዙ ተማሪ ነው» ይላል። ስህተት ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በዘረጋው የምርምር ፕሮግራም አበል የሚከፈለው ለአገሪቱ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው፤ እዚያው አሜሪካ በተማሪ ቪዛ የሚማር የውጭ አገር ልጅ፣ ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አበሉ አይደርሰውም። በሌላ መንገድ ተቀባይ ላብራቶሪ ያገኘውም ከአዲስ አበባ ሲነሳ 185 ዶላር የቪዛ ማመልከቻ ይከፍላል፤ ቢከለከል አይመለስለትም። በቃለ መጠይቁም የሚፈተነው በሳይንስ ችሎታው ሳይሆን «ወደ አገሬ እመለሳለሁ» ብሎ ቆንስላውን በማሳመን ነው።

«የአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ ለአሜሪካዊ ቢቀድም ምን ነውር አለው?» የሚል ይኖራል። ምንም። ነውሩ በዜግነት የታጠረን ዕድል የችሎታ ሚዛን አድርጎ ማቅረብ ነው። ምክንያቱም ዕድሉ ያመለጠው ልጅ ኋላ ለዶክትሬት ሲያመለክት መራጮቹ የምርምር ልምድ ይጠይቁታል፤ በማመልከቻው ላይ ባዶ የቀረው መስመር የአጥሩ ውጤት መሆኑ ቀርቶ የልጁ ድክመት ተደርጎ ይነበባል። ይህ በጣም ያሳዝናል። ደግሞም የማይቀር ዕጣ አይደለም፦ በጃፓን የኦኪናዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዜግነት ሳይለይ ተለማማጅ ተማሪዎችን ይቀበላል፤ የአውሮፕላን ትኬቱን፣ መኖሪያውንና የቀን አበሉንም ራሱ ይሸፍናል። ጸሐፊው ስለ ጉብዝና ሊያወሩ የሚችሉት እንዲህ ባለው ቦታ ነው።