ሁለቱ ቤተልሔሞች

የጋይንትን፥ የስማዳንና የእስቴን ታሪክ ለመጻፍ ከዓባይና ከበሽሎ ወዲህ የተደረገውን መልቀም ይበቃል የሚሉ አሉ። የባሕር ማዶው ነገር ለእነርሱ ትርፍ ወሬ ነው። እስኪ ትርፍ እንደ ሆነ ይመርመር።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ሲሄዱ፥ በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በሠረገላ ሆኖ፥ ሰው በገመድ እየጎተተው፥ ዐለቱ እየተፈለጠለት በጋይንት በጨጨሆ በኩል አለፈ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነበር፤ ጉዞውም ከ5 ወር በላይ ፈጀ። ተራኪው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ስሙ ከወዴት መጣ ሲባል ግን ዝም ይላል። በቅኔ ቤት ሰሙን ሳይፈታ ወርቁን የሚናገር ተማሪ ይገሠጻል፤ በታሪክ ግን ይኸው እንደ ሊቅነት ይቈጠራል!

ሴባስቶፖል በጥቁር ባሕር ዳር ያለ የክሪሚያ ወደብ ነው። በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ፥ እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋራ ሆነው ያንን የመስኮብ ምሽግ ከበው ይደበድቡ ነበር። ለጦርነቱ፥ የነገሥታቱ ምኞት እንዳለ ሆኖ፥ ሰበብ የሆነው የቅዱሳት መካናት ክርክር ነው፤ በቤተልሔም ያለው የልደት ቤተ ክርስቲያን ቍልፍ ለኦርቶዶክስ ወይስ ለካቶሊክ ይሁን የሚለው። እንግዲህ የይሁዳዪቱ ቤተልሔም ሰበብ የሆነችበት ጦርነት ስም፥ በአውሮፓውያን አንጥረኞች እጅ ለተሠራ መድፍ ተሰጥቶ፥ ድጓ የሚመሰከርባት ሞክሼዋ ቤተልሔም ባለችበት በጋይንት ምድር አለፈ።

በ1855 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለንግሥት ቪክቶርያ በጻፉት ደብዳቤ በቱርክ ላይ ያላቸውን አቤቱታ ገለጡ። መልስ አልመጣም። ያገር ቤቱ ተራኪ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉ በንጉሡ ቍጣ ያሳብባል፤ የውጭውም ጸሐፊ እሰየው ብሎ ይቀበለዋል፤ ዕብድ ንጉሥ ማለት ይቀለዋልና። ቍጣው ነበረ፤ የሚክድ የለም። ነገር ግን ከ7 ዓመት በፊት ከቱርክ ጐን ቆማ ደሟን ያፈሰሰች እንግሊዝ ቱርክን ለመውጋት ትረዳለች ብሎ ተስፋ ማድረግ ምን ያህል ከባድ ተስፋ እንደ ነበረ፥ የክሪሚያን ነገር ያልመረመረ በምን ያውቀዋል?

ይህስ የነገሥታት ጕዳይ ነው፥ ለገበሬው ምኑ ነው ይሉ ይሆናል። ገመዱን የጎተተው ማን ሆነና!

ከሕንድ የተነሣው የናፒየር ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላን ሲይዝ፥ ከጎንደር አድባራት ተወስደው በዚያ የተከማቹት ብራናዎች ተዘረፉ፤ 350 ያህሉም ሎንዶን ገቡ። ከበሽሎ ወዲያ ያለው ትርፍ ወሬ ነው የሚለው ሊቅ የእነዚህን መጻሕፍት ቅጠል መግለጥ ቢሻ፥ ፈቃድ የሚጠይቀው በሎንዶን ከተማ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ነው።