ንክኪ አልባው ማጠቢያና የአቃቂ ውሃ

ባሕር ማዶ ብዙ ዓመት ኖሮ የተመለሰ አንድ ወዳጄ በቅርቡ ቤቴ መጥቶ ባለ ቀለም ሥዕሎች የሞሉበት የዕቃ መግለጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። ሥዕሉ የሚያሳየው ረጅም መሿለኪያ ነው። መኪናው በአንደኛው አፍ ቆሽሾ ይገባል፤ በሌላኛው አፍ አብረቅርቆ ይወጣል። የሰው እጅ አይነካውም፤ ብሩሽም ሆነ ጨርቅ አይነካውም። ወዳጄ ይህን ንክኪ አልባ ማጠቢያ በአቃቂ ቃሊቲ፣ ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ ሊተክል አስቧል። «የአዲስ አበባ ላቫጆ እስከ ዛሬ በባልዲና በጨርቅ ነው፤ እኔ ግን ዘመኑን ይዤ መጥቻለሁ» አለኝና «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲል ጠየቀኝ።

ወዲያው አልመለስኩለትም። ጥያቄው ከላይ ሲያዩት የአንድ ነጋዴ ጥያቄ ነው። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ሁለት አሮጌ የፖለቲካ ጥያቄዎችን በሆዱ ይዟል። ውሃው የማን ነው? እድፉስ ወደ ማን ይሂድ? ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለወዳጄ በቃል የሰጠሁት መልስ ለአንባብያንም ይጠቅም ይሆናል በሚል ነው።

በመጀመሪያ ለማሽኑ የሚገባውን ክብር እንስጠው። አሜሪካኖች በዲትሮይት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1914 መኪናን በእጅ እየገፉ ከአንዱ አጣቢ ወደ ሌላው የሚያሳልፉበት ማጠቢያ ከፍተው ነበር። ኋላ የሚጎትተው ሰንሰለት የሰውን ግፊት ተካ፤ የሚሽከረከረው ብሩሽ የሰውን ክንድ ተካ። ንክኪ አልባው ደግሞ ብሩሹንም አስወጣው። ይሁንና ማንኛውም እጥበት፣ የሸማም ይሁን የመኪና፣ አራት ነገሮችን ይፈልጋል፤ እነሱም ሳሙና፣ ሙቀት፣ ጊዜና ፍትጊያ ናቸው። ከአራቱ አንዱን ያጎደለ በሌሎቹ ላይ መጨመር ግድ ይሆንበታል። ንክኪ አልባው ፍትጊያን ስላስቀረ ጉድለቱን የሚሞላው በጠንካራ ኬሚካልና በከፍተኛ ግፊት በሚረጭ ብዙ ውሃ ነው። በዚህም የመኪናው ቀለም ከመጫር ይድናል። ነገር ግን መኪናው ያልተነካው ውሃው ይበልጥ ስለተነካ መሆኑን ልብ ይሏል።

እንግዲህ ይህን ማሽን ወደ አቃቂ እናምጣው። የአቃቂ ጭቃ መረሬ ነው፤ በክረምት ከጎማና ከመኪና ሆድ ጋር እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ግፊቱ የቱንም ያህል ቢበረታ ስስ የጭቃ ፊልም ትቶ ማለፉ አይቀርም፤ ያን ጊዜ አንድ ወጣት ጨርቅ ይዞ መቆሙ ግድ ነው። «ከእጅ አይሻል ዶማ» ይሉ የለ! በዚያ ላይ ቃሊቲ የከባድ መኪና አገር ነው። ከጅቡቲና ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጭኖ የሚመጣው ተሳቢ፣ ወደ ጉምሩክ የሚታጠፈው ኮንቴይነር፣ የአሸዋና የሲሚንቶ ገልባጭ ሁሉ የሚርመሰመሰው እዚያው ነው። ለቤት መኪና የተሠራ መሿለኪያ ተሳቢ አያስገባም። ስለዚህ ወዳጄ የሚጠብቀው ደንበኛ በሠፈሩ የሚውለውን ሳይሆን በፍጥነት መንገዱ ወጥቶ የሚገባውን የቤት መኪና ባለቤት ነው። ይህ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን አገልግሎቱ ለአላፊ አግዳሚው፣ ፍሳሹ ለነዋሪው የመሆኑ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን የጠጣችው ከላይ የሚመጣ ውሃ ነበር። ገፈርሳ፣ ለገዳዲ፣ ኋላም ድሬ የተባሉት ግድቦች የዝናብ ውሃ አቁረው አቀረቡላት። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ግን እነሱ አልበቃ አሉ፤ ዓይኗንም ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ የከርሰ ምድር ውሃ ጣለች። ዛሬ በአቃቂ ዙሪያ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ከመዲናዋ ዋነኛ የውሃ ምንጮች መካከል ናቸው። አቃቂ ከከተማዋ እጅግ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ውሃው በፓምፕ ወደ ላይ መገፋት አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል። አስገራሚው ነገር ውሃው የሚወጣበት አካባቢ ነዋሪም እንደሌላው አዲስ አበቤ ፈረቃ ጠባቂ፣ ጀሪካን ደርዳሪ መሆኑ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ብሂል ለአቃቂም ልጅ ይሠራል።

ንጹሑ ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ እድፉ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የከተማዋን ፍሳሽ፣ የፋብሪካውን ቀለም፣ የጋራዡን ዘይትና የላቫጆውን አረፋ ተሸክመው ቁልቁል ይጓዙና አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላሉ። የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የሚባለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ለዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ቢጀምርም፣ የሚያጠራቅመው ውሃ ግን የመዲናዋ እጣቢ ነው። በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይለማል። በእነዚህ አትክልቶች ውስጥ ከባድ ብረታት መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ከጻፉ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። አትክልቱ ተመልሶ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። ስለዚህ በላይኛው ሠፈር የታጠበ መኪና እድፍ በሰላጣ ሳህን ተመልሶ ወደ ባለቤቱ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። «ንክኪ አልባ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ቀላል ስሌት እናድርግ፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ ማጠቢያ በቀን 100 መኪና ቢያጥብና ለእያንዳንዱ 200 ሊትር ውሃ ቢያፈስ በቀን 20,000 ሊትር ይሆናል። ይህም 1,000 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ያው ማጠቢያ ከውሃው ውስጥ 80 በመቶውን አጣርቶ መልሶ ቢጠቀም የሚያስፈልገው አዲስ ውሃ 200 ጀሪካን ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 800 ጀሪካን ነው። ይህ ልዩነት የሚወሰነው ዓይን በሚስበው መሿለኪያ አይደለም፤ ማንም በማያየው፣ ከመሬት በታች በሚቀበረው ጉድጓድ ነው። በዚያ ጉድጓድ ውስጥ አሸዋው ይዘቅጣል፤ ዘይቱ ተንሳፎ ይለያል፤ ውሃው ተጣርቶ ወደ ፓምፑ ይመለሳል። መረሬ አፈር ደቃቅ በመሆኑ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ስለዚህ የአቃቂ ጉድጓድ ከሌላው አገር የሰፋ፣ ማጣሪያውም የጠነከረ መሆን ይኖርበታል።

ታዲያ ነጋዴው ይህን ጉድጓድ ለምን ይተወዋል? ምክንያቱ ክፋት አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር በዶላር አንጻር ከነበረው ዋጋ ከግማሽ በላይ አጥቷል። ፓምፑም፣ ኬሚካሉም፣ መለዋወጫውም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ወጪ ሲከብድ መጀመሪያ የሚቀነሰው ደንበኛ የማያየው ነገር ነው። በሌላ በኩል በግቢው ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ለውሃው የሚያወጣው ወጪ በአብዛኛው የፓምፑን መብራት ነው። የሚፈሰው ውሃ እንዲህ ርካሽ፣ የሚያጣራው መሣሪያ እንዲህ ውድ ከሆነ የትኛው ነጋዴ ነው በፈቃዱ የሚያጣራ? በዚህ ቦታ ላይ ገበያው ብቻውን መልስ አይሰጥም፤ መንግሥት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሕግስ የለንም እንዳይባል ሕጉ ሞልቷል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት ቅድሚያ እንዲያገኝ ይላል። በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ተከተለ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በ2017 ዓ.ም. ወንዞችን በሚበክሉ ላይ ከባድ የገንዘብ ቅጣት የሚጥል ደንብ በሥራ ላይ አውሏል። የጎደለን ድንጋጌ ሳይሆን ከድንጋጌው እስከ ጉድጓዱ ያለው መንገድ ነው። በእኔ እምነት የእኛ አስተዳደር ራሱ ንክኪ አልባ ነው። ከላይ ደንብ ይረጫል፤ ቅጣት ይነፋል፤ እድፉ ግን እንደተጣበቀ ይቀራል።

ከወዳጄ ጋር ቦታውን ለማየት በሄድንበት ዕለት በመንገድ ዳር ካለ ላቫጆ ጎራ አልን። ሦስት ወጣቶች አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ያጥባሉ። የሚፈሰው አረፋ በቦይ አድርጎ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ወዳጄ ስለ ማሽኑ ሲያወራ የሰማው አንደኛው ወጣት እጁን በሱሪው እየጠረገ ቀረበኝና «ጋሼ፣ ማሽኑ ከመጣ እኛ ወዴት ልንሄድ ነው?» አለኝ። ቀጥሎም «ፍሳሹ ወንዝ ይገባል እያሉ ይቆጡናል፤ የት እንድንለቀው ግን ያሳየን ሰው የለም» አለ። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከብዙ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የበለጠ እውነት አለ። ልጁን አድርግ የተባለውን ባለማድረጉ መቅጣት ይቻላል፤ ማድረግ የሚችልበትን ቦታ ሳያዘጋጁ መቅጣት ግን ድህነትን መቅጣት ነው።

አንዳንዶች ማሽኑ የወጣቱን እንጀራ ስለሚነጥቅ ይከልከል ይላሉ። አልስማማም። በባልዲ የሚታጠብ መኪና ውሃ ሊቆጥብ ይችል ይሆናል፤ ዘይትና ሳሙና የቀላቀለ እጣቢው ወንዝ መግባቱን ግን የድሃ እጅ ስለለቀቀው ንጹሕ ልንለው አይገባም። ሌሎች ደግሞ ማሽኑ ሥልጣኔ ነውና ያለ ጥያቄ ይግባ ይላሉ። ከእነዚህም አልስማማም። ማሽኑ በተፈለሰፈበት አገር እንኳ ያለ ጥያቄ አልተለቀቀም። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሠሩ አዳዲስ የመሿለኪያ ማጠቢያዎች ከሚጠቀሙት ውሃ ቢያንስ 60 በመቶው ታክሞ የተመለሰ እንዲሆን በሕግ አስገድዳለች። ማሽኑን ከአሜሪካ የምናስመጣ ከሆነ ሕጉንስ ለምን ጥለነው እንመጣለን?

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ለማንኛውም የመኪና ማጠቢያ የንግድ ፈቃድ ሲሰጥ ውሃን መልሶ መጠቀም ቅድመ ሁኔታ ይሁን፤ ከጉድጓድ የሚወጣውም ውሃ በቆጣሪ ይለካ፤ ልኬቱም ለሕዝብ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ በወንዝ ዳር ተበትነው የሚሠሩት ወጣቶች ተሰባስበው የሚሠሩበት፣ የጋራ ማዝቀጫና የዘይት መለያ ጉድጓድ ያለው ግቢ ይዘጋጅላቸው። ለአንዱ ላቫጆ የማይቻለው ወጪ ለአሥሩ በጋራ ይቻላል፤ ተሳቢውም መሿለኪያው የማያስገባውን እጥበት ከእነሱ ያገኛል።

ሦስተኛው ሐሳብ ከሁሉ የሚቀርበን ሆኖ ሳለ የማናየው ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ የቃሊቲ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተጠናቀቀው ማስፋፊያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ታስቦ የተሠራ ነው። ከዚያ የሚወጣው ውሃ አይጠጣም። ነገር ግን በተጨማሪ ማጣሪያ አልፎና ጀርሙ ተገድሎ ከሆነ ለመኪና እጥበት ይበቃል። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ ጉም ሆኖ በሠራተኛው ሳንባ ስለሚገባ ጀርሙን የመግደሉ ነገር ለድርድር የማይቀርብ ነው። ይህ ከሆነ ግን ለእናቶች ጀሪካን የሚሆነው የከርሰ ምድር ውሃ ለመኪና ጎማ አይውልም። ውሃውን በመስመር ወይም በቦቴ ማድረስ የሕዋ ሳይንስ አይደለም፤ የሚጠይቀው የሁለት መሥሪያ ቤቶችን መነጋገር ነው።

ወዳጄን በመጨረሻ «ወንድሜ፣ መሿለኪያውን ከመግዛትህ በፊት ጉድጓዱን ግዛ፤ እነዚያን ሦስት ልጆችም ከበር ሳትመልስ ሠራተኛ፣ ቢቻል ባለ ድርሻ አድርጋቸው» አልኩት። ዝም ብሎ የዕቃ መግለጫውን ያገላብጥ ጀመር። ውሃ ማጣሪያውና መመለሻው የተገኘው በመጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ ከጎኑም በተጨማሪ ክፍያ የሚገዛ መሆኑ ተጽፏል። ገጹን አጥፎ ምልክት አደረገበትና «እስቲ ልቁጠረው» ብሎ ተነሣ።

እሱ ይቁጠር። ፈቃድ የሚሰጠው ባለሥልጣንም ሌላውን ሁሉ ከማየቱ በፊት ያችን የመጨረሻ ገጽ ገልጦ ይመልከት። የአቃቂ ሰው ለከተማው ውሃውን ሰጥቷል፤ በምላሹ እጣቢውን ብቻ ሊቀበል አይገባም።

ቸር ይግጠመን።